ከ17-32 እስከ ዛሬዋ አንድ ጨዋታ፦ ዊዛርድስ ይገባል ወይስ አይገባም?



ዛሬ እሑድ ሜይ 16 ቀን 2021፣ በእኛ ግንቦት 8 ነው። ዋሽንግተን ዊዛርድስ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ዲሲ ሻርለት ሆርኔትስን ይገጥማል። የሲዝኑ 72ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ትናንት ኢንዲያና በሌከርስ ተሸነፈ፣ ሻርለትም በኒውዮርክ ኒክስ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ስንነሳ ዋሽንግተን፣ ሻርለትና ኢንዲያና ሦስቱም እኩል 33 አሸንፈው 38 ተሸንፈዋል።

71 ጨዋታ ተጫውተን ነገሩ አንድ ከሰዓት ላይ መጣ ማለት ነው።

ይሄን ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግም ሄድኩ፣ አሌክሳንድሪያም ሄድኩ፣ የዊዛርድስ ወሬ ያልሰማሁበት ቡና ቤት የለም። ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ የማታ ፈረቃ ጨርሰው የሚመጡ፣ ሁሉም አስተያየት አለው። ክርክሩን ጠቅለል ሳደርገው ሦስት ወገን ነው ያለው።

አንደኛው ወገን "እንገባለን፣ ገብተንም አንድ ሰው እናስደነግጣለን" ይላል። ሁለተኛው "እሺ ገባን እንበል፣ ፊላደልፊያ አራት ለዜሮ ጠርጎ ይልከናል፣ ምን ትርጉም አለው?" የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የሚያናድደው ግን በቀላሉ መልስ የማይገኝለት ነው፦ "ባንገባ ይሻላል። ተሸንፈን ጥሩ ድራፍት እናግኝ።"

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። በኤፕሪል መጀመሪያ ከሦስተኛው ወገን ነበርኩ። "ሲዝኑ አልቋል፣ ወጣቶቹ ይጫወቱ" ብዬ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ተሳስቶ እንደተመለሰ ሰው እንጂ እንደ አዋቂ አይደለም።

እዚህ እንዴት ደረስን?

ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። ይሄ ሲዝን የጀመረው በአምስት ተከታታይ ሽንፈት ነው። የገና ዋዜማ ብራድሊ ቢል ብቻውን 60 ነጥብ አስቆጥሮ እንኳን በፊላደልፊያ 141 ለ 136 ተሸነፍን። ከሦስት ቀን በኋላ ሴንተሩ ቶማስ ብራያንት ጉልበቱ ተበጥሶ ሲዝኑ አለቀበት። ከዚያ ኮቪድ ቡድኑ ውስጥ ገባና ስድስት ጨዋታ ተላለፈ። ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ኳስ የሚባል አልነበረም። በጆን ዎል ምትክ የመጣው ራስል ዌስትብሩክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጭኑ ጉዳት እያስቸገረው ግማሽ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ስንቱ ነው "ዎልን መልሱልን" ያለው! እኔ ራሴ ብያለሁ።

የደብረ ዘይት ማግስት፣ ኤፕሪል 5፣ በቶሮንቶ በመጨረሻዋ ሰከንድ በገባች ኳስ ተሸነፍን። ያን ቀን ቁጥሩ 17-32 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ 16-6 ነው። ከኤፕሪል 12 እስከ ሆሳዕና ዕለት ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። የፋሲካ ማግስት ኢንዲያና ላይ 154 ነጥብ ተቆጠረ፤ ያን ማታ ዌስትብሩክ 21 ሪባውንድና 24 አሲስት ነበረው። ሜይ 8 እንደገና ኢንዲያናን በጭማሪ ሰዓት በአንድ ነጥብ አሸነፍን፤ ቢል 50 አስቆጠረ። ከሁለት ቀን በኋላ አትላንታ ላይ ዌስትብሩክ 182ኛ ትሪፕል ደብሉን ሠርቶ ኦስካር ሮበርትሰን ከ1974 ጀምሮ ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ጨዋታ ግን በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። የዊዛርድስ ደጋፊ ሆኖ ደስታውን ሙሉ የሚያገኝ የለም መቼም።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ እውነተኛው ቡድን የቱ ነው? 17-32 የነበረው ወይስ 16-6 የሆነው?

የስምንተኛ ቦታ ዋጋ

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ ዛሬው ጨዋታ ብዙ ሰው የተሳሳተውን ላስተካክል። "አሸነፍንም ተሸነፍንም ፕሌይ-ኢን ውስጥ ነን፣ ታዲያ ምን ያንቀዠቅዠናል?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እውነት ነው፣ ውስጥ ነን። ግን በየትኛው በር እንደምንገባ ሰማይና ምድር ነው።

አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። 7ኛና 8ኛ ይጋጠማሉ፣ ያሸነፈው ቀጥታ ፕሌይኦፍ ይገባል። 9ኛና 10ኛ ይጋጠማሉ፣ የተሸነፈው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። ከዚያ የመጀመሪያው ተሸናፊና የሁለተኛው አሸናፊ ለመጨረሻዋ ቦታ ይጋጠማሉ። ስለዚህ 8ኛ የወጣ ከሁለት ጨዋታ አንዱን ማሸነፍ ይበቃዋል። 9ኛ ወይም 10ኛ የወጣ ግን ሁለቱንም ማሸነፍ አለበት።

እኔ ሒሳብ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ይሄ ግን ሳንቲም መወርወር ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ግማሽ በግማሽ ነው ብላችሁ አስቡ። ሁለቴ ወርውራችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አንበሳው ቢወጣ ይበቃል ከተባላችሁ ዕድላችሁ 75 ከመቶ ነው። ሁለቴም አንበሳ መውጣት አለበት ከተባላችሁ 25 ከመቶ ነው። ያው ቡድን፣ ያው ተጫዋች፣ ያው ተጋጣሚ፣ ግን ዕድሉ ሦስት እጥፍ ይለያያል። የዛሬው ጨዋታ ዋጋ እሱ ነው።

ዛሬ ካሸነፍን 8ኛ ነን፣ ነገሩ አለቀ። ኢንዲያና ቢያሸንፍና በቁጥር እኩል ብንሆን እንኳ ዘንድሮ ሦስቱንም ጊዜ ስላሸነፍናቸው ቅድሚያው የእኛ ነው። ከተሸነፍን ግን ሻርለት ያልፈናል። ያኔ የእኛ ቦታ በኢንዲያና ውጤት ይወሰናል፦ እሱ ቶሮንቶን ካሸነፈ 10ኛ፣ ከተሸነፈ 9ኛ። ልዩነቱ ማን ሜዳው ላይ ይጫወታል የሚለው ብቻ ነው። በሁለቱም መንገድ ሁለት ሞት ሽረት ይጠብቀናል።

ሻርለትን ደግሞ አትናቁት። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ገጥመን ሁለቱንም ጊዜ ረትቶናል። ላሜሎ ቦል ከእጅ አንጓ ስብራቱ ተመልሷል። በሌላ በኩል ጎርደን ሄይዋርድ የላቸውም፣ ሰሞኑንም በተከታታይ እየተሸነፉ ነው የመጡት።

16-6ቱ የእውነት ነው ወይ?

እዚህ ላይ ለአንደኛው ወገን ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰሴ ነው፣ ይቅርታ።

ከስምንቱ ተከታታይ ድል ሁለቱ ኦክላሆማ ላይ ናቸው። ዲትሮይትና ክሊቭላንድም አሉበት። እነዚህ ቡድኖች ዘንድሮ ማሸነፍ ዋና ሥራቸው አልነበረም፤ ወጣት እያሠሩ የነገ ድራፍት የሚጠብቁ ናቸው። ማለትም ያሸነፍናቸው የሦስተኛው ወገን ምክር በተግባር የዋለባቸውን ቡድኖች ነው። መከላከላችንም ያው ነው። ከሊጉ በፍጥነት አንደኛ ነን፣ ነጥብ በማስተናገድም አንደኛ ነን። 154 አስቆጥሮ 141 የሚቆጠርበት ቡድን በፕሌይኦፍ፣ ጨዋታ ቀዝቀዝ በሚልበት ጊዜ፣ ይቸገራል።

ግን ሁሉም የዕድል ነው ማለትም ልክ አይደለም። ዩታ ከሊጉ ምርጥ ቡድኖች አንዱ ሆኖ ሳለ ሜዳው ድረስ ሄደን 125 ለ 121 አሸንፈነዋል። ስቴፍ ከሪ ያለበትን ጎልደን ስቴትንም አሸንፈናል። የተቀየሩ ሁለት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዌስትብሩክ ጤነኛ ሆነ። ሰውዬው ስህተት ይሠራል፣ ሩቅ ሩቁን ይሹትና አይገባለትም፣ እናውቃለን። ግን 32 ዓመቱ ሆኖ በየማታው እንደሚሮጠው የሚሮጥ የለም፣ ሌሎቹንም አብሮ ያስሮጣቸዋል።

ሁለተኛ፣ በማርች መጨረሻ ከቺካጎ የመጣው ዳንኤል ጋፎርድ ነው። ያን ቀን ዜናውን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። ብራያንት ከተጎዳ ወዲህ ቀለበቱ ሥር ማንም እንደፈለገ ይገባ ነበር። አሁን ጋፎርድ፣ ሮቢን ሎፔዝና አሌክስ ሌን እየተቀያየሩ ቢያንስ በሩ ላይ ሰው አለ። ዴኒ አቭዲያ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከወጣ በኋላ እንኳ ቡድኑ አልወደቀም።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ 17-32ቱም ትክክለኛው እኛ አልነበርንም፣ 16-6ቱም ሙሉ በሙሉ እኛ አይደለንም። ጤነኛ ስንሆን መካከለኛ ቡድን ነን። አያስደስትም፣ ግን እውነቱ ይሄ ይመስለኛል። መካከለኛ ቡድን ደግሞ ስምንተኛ ለመውጣት ይበቃል።

"እንሸነፍና ድራፍት" የሚሉትስ?

ይሄን ወገን መሳደብ ቀላል ነው፣ ግን ምክንያት አላቸው። ይሄ ቡድን ስሙ ቡሌትስ በነበረ ጊዜ በ1978 አንድ ዋንጫ በላ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም። ከ1979 ጀምሮ በአንድ ሲዝን 50 ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። በመካከለኛነት 40 ዓመት የቆየ ቡድን ነው፣ ስለዚህ "አንዴ ወድቀን እንነሳ" ማለት የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ጆን ዎልን በ2010 በአንደኛ ምርጫ ያመጣው ሎተሪ ነው። ቢልም በ2012 ሦስተኛ ምርጫ ነበር። አይሠራም ብዬ አልዋሽም።

ግን ሎተሪው ከ2019 ጀምሮ ተቀይሯል። አሁን የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች ለአንደኛ ምርጫ ያላቸው ዕድል እያንዳንዳቸው 14 ከመቶ ብቻ ነው። በዚያው በ2019 17 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ኒውዮርክ ሦስተኛ ወጣ፣ ፊኒክስ ወደ ስድስተኛ ወረደ፣ ዛየን ዊልያምሰን ለኒው ኦርሊንስ ደረሰ። እኛስ? 32 ብቻ አሸንፈን ስድስተኛውን የተሻለ ዕድል ይዘን ገብተን ዘጠነኛ ወጣን። ሩዪ ሀቺሙራን ያገኘነው በዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 25 አሸንፈን አሁንም ዘጠነኛ፣ አቭዲያን። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ይደጉልን። ግን የመሸነፍን መንገድ ሁለት ዓመት ሞክረነዋል፣ ያገኘነውም ይሄን ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ የቢል ጉዳይ አለ። ሰውየው 27 ዓመቱ ነው፣ ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ ከከሪ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፣ በ2022 ሰመር ከፈለገ ኮንትራቱን ትቶ መሄድ ይችላል። ከ2018 ወዲህ ፕሌይኦፍ አልተጫወተም። ይሄን ሁሉ ነጥብ እያስቆጠረ ያለ ፕሌይኦፍ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እስከ መቼ ይታገሣል? አንድ ተጨማሪ ዓመት "ለድራፍት" ብንለው፣ የምናገኘው ልጅ ጎልምሶ እሱን ሊያግዝ ሲደርስ ቢል ሌላ ከተማ ይሆናል።

እዚህ ላይ የመሀል ከተማ ፓርኪንግ የሚሠሩ አንድ ጋሼ የነገሩኝን ላንሳ። ቡሌትስ ከሚባልበት ጊዜ ጀምሮ የሚደግፉ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ማርች ቢሮዎቹ ሁሉ ሲዘጉ ፓርኪንጉ ባዶ ሆነ፣ የሥራ ሰዓታቸውም ተቆረጠ። "በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ጨዋታ ነበረች፣ እሷን እጠብቅ ነበር" አሉኝ። የድራፍቱን ሐሳብ ሳነሳባቸው ሳቁና "አንተ ልጅ፣ እኔ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ፣ ‹ተሸነፉ› ብዬ ነው ቴሌቪዥን የምከፍተው?" አሉኝ።

ቁጥር እየደረደርኩ ልመልስላቸው ፈለግኩ፣ መልስ ግን አልነበረኝም። ምክንያቱም እኔ በኤፕሪል "ሲዝኑ አልቋል" ስል፣ እሳቸው ያን ማታም ሥራ ጨርሰው መጥተው አይተዋል። ቡድኑ በ17-32 ያልበተነው እንዲህ ዓይነት ተመልካች ስላለው ነው አልልም፣ ተጫዋቾቹ እሳቸውን አያውቋቸውም። ግን "ዘንድሮን እንጣለው" የሚለው ምክር የማንን ዘንድሮ እንደሚጥል ያኔ ነው የገባኝ።

ታዲያ ምን እንጠብቅ?

የዛሬው ትልቁ ጥያቄ ቢል ነው። ከኢንዲያናው ጨዋታ ጀምሮ የግራ ጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ሦስት ጨዋታ አልተሰለፈም። ያለ እሱ አትላንታ ላይ ሁለቱንም ተሸንፈን ክሊቭላንድን አሸነፍን። ዛሬ ከተሰለፈ፣ በግማሽ ጉልበትም ቢሆን፣ ሻርለት ሁለት ሰው ይልክበታል፣ ለዌስትብሩክ መንገድ ይከፈታል። ካልተሰለፈ ግን ጨዋታው ወደ ሳንቲሙ ይመለሳል።

ካሸነፍን ቀጣዩ ቦስተን ነው። ጄይለን ብራውን በእጅ አንጓ ቀዶ ሕክምና ከሲዝኑ ወጥቷል፣ ጄሰን ቴተም ግን አለ፣ ጨዋታውም እዚያ ነው። ዘንድሮ ሦስቴ ገጥመን አንዷን አሸንፈናል፣ አንዷን ደግሞ በአንድ ነጥብ ነው የተሸነፍነው። ብንሸነፍ እንኳ ሁለተኛ ዕድል አለን፣ ያውም እዚህ ሜዳችን ላይ። ሜዳው ከኤፕሪል መጨረሻ ወዲህ ጥቂት ተመልካች ማስገባት ጀምሯልና ያቺም ትንሽ ጩኸት ታግዛለች።

ግምቴን ልናገር፣ ስሳሳት ታስታውሱኛላችሁ። ቢል ከተሰለፈ ዛሬ እናሸንፋለን። ከሁለቱ የፕሌይ-ኢን ጨዋታዎች አንዱን አሸንፈን ፕሌይኦፍ እንገባለን። ከዚያ 7ኛ ከሆንን ብሩክሊን ወይም ሚልዋኪ፣ 8ኛ ከሆንን ፊላደልፊያ። ፊላደልፊያ ዘንድሮ ሦስቱንም ጊዜ አሸንፎናል፣ ለጆኤል ኤምቢድ መልስ የለንም። ከአንድ ጨዋታ በላይ ብንወስድ ይገርመኛል። ስለዚህ ሁለተኛው ወገን ስለ መጨረሻው ልክ ነው። "ስለዚህ ዋጋ የለውም" የሚለው ላይ ነው የማልስማማው።

አንድ ስጋት ግን አለኝ፣ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይሄ የመጨረሻው ሩጫ የክለቡን አለቆች እንዳያታልላቸው። የአሠልጣኝ ስኮት ብሩክስ ኮንትራት ዘንድሮ ያልቃል። የመከላከሉ ችግር ዘንድሮ የተፈጠረ አይደለም፣ ዓመታት የቆየ ነው። ስድስት ሳምንት ጥሩ ስለተጫወትን "ሁሉም ተስተካክሏል" ብለው ከተኙ፣ በሚቀጥለው ኤፕሪልም 17-32 ላይ ቁጭ ብለን ይሄንኑ ክርክር እንከራከራለን። ድሉን እንደሰትበት፣ ቀዳዳውን ግን አንሸፍንበት።

እስከዚያው ግን ዛሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሱ፣ ከእንቅልፍ የምትነሱ፣ ፈረቃ ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን ሰርቃችሁ የምታዩ፣ ሁላችሁም ጨዋታውን እዩት። እነዚያ ጋሼ ዛሬ ከሰዓት ሥራ ናቸው፣ ውጤቱን እኔ ነኝ ደውዬ የምነግራቸው። ጥሩ ዜና እንዲሆን እመኛለሁ።

እናንተስ ከሦስቱ ወገን የቱ ናችሁ? ግምታችሁን ጨዋታው ሳይጀመር አስቀምጡ። ካለቀ በኋላ "ብዬ ነበር" ማለት አይቻልም!

መልካም ሰንበት።